ከአምፖል ክር እስከ ጥንድ ኤሌክትሮን፦ ሱፐርኮንዳክቲቪቲን ለጀማሪዎች ስለማስተማር

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እዚህ ጎንደር ለአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች አስተምራለሁ። ለሱፐርኮንዳክቲቪቲ፣ ማለትም አንዳንድ ብረቶች በጣም ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ሬዚስታንስ ስለማሳለፋቸው፣ ያለኝ አራት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ልጆቹ ኳንተም ሜካኒክስ ገና አልወሰዱም፤ ፈሳሽ ናይትሮጅንም ሆነ ፈሳሽ ሂሊየም የለንም። ንድፈ ሐሳቡን ትቼ ‹ሬዚስታንሱ ዜሮ ይሆናል› ብዬ ልለፈው ወይስ የሚገባቸው መንገድ አለ? አንዱ ተማሪ ‹ሁለት ኔጋቲቭ ኤሌክትሮኖች እንዴት ይሳሳባሉ?› ብሎ ሲጠይቀኝ የፍራሹን ምሳሌ ነገርኩት። ፊቱን ሳየው ግን አልገባውም።»

መልስ፦

እህቴ፣ አትለፊው። ሙሉ ሒሳቡ ከበድ ይላል እንጂ ሐሳቡ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በያዘው ዕውቀት ይደረስበታል። የሚያስቸግረን ከመጨረሻው ስለምንጀምር ነው። ክፍል ገብተን «ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሮኖች ይጣመራሉ፣ ሲጣመሩ ሬዚስታንስ ይጠፋል» እንላለን። እኔም ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት እንደዚሁ ነበር የማደርገው። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ብቻውን ሲሄድ የሚጋጭ ኤሌክትሮን ሁለት ሆኖ ሲሄድ ለምን አይጋጭም? እንዲያውም ሁለት ሲሆን መንገድ አይጠብበትም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ «ነገ እነግርሻለሁ» ብዬ ወጣሁ። በማግስቱም በደንብ አልመለስኩላትም። ትምህርቱን ከሥሩ ገልብጬ እንደገና እንዳዋቅረው ያደረገኝ የዚያች ልጅ ጥያቄ ነው። የምጽፍልሽም ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ እየሞከርኩ ያቆየሁትን ነው።

ተማሪዎችሽ ይዘውት እንዲወጡ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ኤሌክትሪክን መንገድ ላይ የሚያስቸግረውና ኤሌክትሮኖቹን የሚያጣምረው አንድ ነገር ነው፤ የአተሞቹ ንዝረት። ስለዚህ ከቅዝቃዜ አትጀምሪ፤ ከሙቀት ጀምሪ።

ከምጣድ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የማያውቅ ልጅ ክፍልሽ ውስጥ አይኖርም። ከምጣዱ ሥር የተጠማዘዘው ሽቦ ለምን እንደሚግል ጠይቂያቸው። «ኤሌክትሪክ ስለሚያልፍበት» ይላሉ። ወደ ቤቱ የገባው ወፍራም ሽቦስ ያው ኤሌክትሪክ ያልፍበት የለ፣ ለምን እንደ ምጣዱ አይግልም? እዚህ ላይ ዝም ይላሉ፤ ዝምታውን አትቸኩይበት። ኤሌክትሮኑ ቮልቴጁ ገፍቶ የሰጠውን ኢነርጂ ለአተሞቹ ያስረክባል፤ አተሞቹ ባሉበት ይንቀጠቀጣሉ፤ እንጀራውን የሚያበስለው ያ መንቀጥቀጥ ነው። ኤሌክትሮኑና አተሞቹ ሲነካኩ ሙቀት ሆነ ማለት ነው። ይህንን ግንኙነት ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፈሽ እስከ አራተኛው ክፍለ ጊዜ አታጥፊው።

ቀጥሎ አንድ የድሮ አምፖል ግዢ፤ ክር ያለውን፣ 60 ዋት የተጻፈበትን። ኤልኢዲው አይሆንሽም። ማልቲሜትርም ከላብራቶሪ አውጪ። መጀመሪያ ያስሉ፦ በ220 ቮልት 60 ዋት የሚወስድ አምፖል ሬዚስታንሱ ስንት ነው? 220 በ220 ተባዝቶ ለ60 ሲካፈል 807 ኦም ገደማ ይመጣል። ከዚያ ከምንም ያልተገናኘውን አምፖል አንድ ተማሪ ጠርተሽ አስለኪው። ከ100 ኦም በታች ያነባል። ክፍሉ ይንጫጫል፤ «ሜትሩ ተበላሽቷል» የሚል አይጠፋም። ሜትሩ ደህና ነው። ሲበራ ክሩ ከ2,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይግላል፤ አተሞቹ በኃይል ይንዘፈዘፋሉ፤ ኤሌክትሮኑ እየተደናቀፈ ነው የሚያልፈው። ሲቀዘቅዝ መንገዱ ይጠራለታል። በርካሽ ዕቃ የተሠራ ሙከራ ነው ብለሽ አትናቂው፤ የንድፈ ሐሳቡ ግማሽ እዚህ አለ። የምጣዱን ሽቦ ግን ለዚህ መለኪያ አትጠቀሚበት። ኒክሮም ቅይጥ ነው፤ ሬዚስታንሱ በአብዛኛው የሚመጣው የኒኬሉና የክሮሚየሙ አተሞች ያለ ሥርዓት ከመደባለቃቸው ስለሆነ ሲግልም ሲቀዘቅዝም እምብዛም አይለወጥም።

አሁን ግራፍ ይሣሉ፤ አግድሙ ሙቀት፣ ሽቅቡ ሬዚስታንስ። ወደ ግራ፣ ወደ ዜሮ ኬልቪን ሲጠጋ መስመሩ ምን እንደሚሆን እያንዳንዳቸው ደብተራቸው ላይ በገዛ ግምታቸው ይጨርሱት። ሦስት ዓይነት ሥዕል ታገኛለሽ። አንዱ ቀስ እያለ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ሌላው ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ብረቱ ውስጥ ያለው ቆሻሻና ጉድለት ሲቀዘቅዝም አይጠፋምና። ሦስተኛው ተመልሶ ሽቅብ ይወጣል፤ ኤሌክትሮኖቹም ራሳቸው በረዶ ይሠራሉ ብሎ። ይህንን ሦስተኛውን የሚሥል ልጅ ካለ እንዳትስቁበት፤ ታላቁ ሎርድ ኬልቪንም እንዲሁ አስቦ ነበር።

ከዚያ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1911 ሆላንድ፣ ላይደን ውስጥ የሆነውን ንገሪያቸው። ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1908፣ ሂሊየምን ፈሳሽ ማድረግ የቻለ የመጀመሪያው ሰው ነበር። ፕላቲነምና ወርቅ ላይ ሲሞክር ሁለተኛውን ሥዕል አገኘ። ከዚያ ማጣራት ወደሚቻለው ሜርኩሪ ዞረ። 4.2 ኬልቪን ላይ ሲደርስ ሬዚስታንሱ ቀስ ብሎ አልወረደም፤ ከገደል እንደወደቀ ድንጋይ ድንገት ጠፋ። ከሦስቱ ሥዕሎች አንዱም አልነበረም። ተማሪው ራሱ ገምቶ ከተሳሳተ በኋላ ሲሰማው በአእምሮው ይቀራል፤ ሳይገምት ከሰማው ግን ለፈተና የሚሸመደድ ቁጥር ብቻ ነው። ኦነስ በ1913 ኖቤል ተሸለመ፤ ምክንያቱ እስኪታወቅ ግን ገና 44 ዓመት ይቀር ነበር። በመካከሉ አይንስታይንን፣ ቦርንና ሃይዘንበርግን የመሰሉ ሰዎች ሞክረው አልሆነላቸውም። ይህንን መንገር ጠቃሚ ነው፤ «አልገባኝም» ያለ ልጅ ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል።

የማይስነርን ውጤት ብዙ ጊዜ አትስጪው፤ ግን አትዝለይው። የፋራዴይን ሕግ ስለሚያውቁ አንድ ጥያቄ ይበቃል። ሬዚስታንሱ ዜሮ የሆነ ነገር ውስጥ መግነጢሳዊ መስክ ሊለወጥ አይችልም፤ ስለዚህ መስኩ ውስጥ እያለ ቢቀዘቅዝ መስኩ እውስጡ ተይዞ መቅረት ነበረበት። ማይስነርና ኦክሰንፌልድ በ1933 ያዩት ግን መስኩ ተገፍቶ ሲወጣ ነው። እንግዲህ ሱፐርኮንዳክተር ማለት «በጣም ጥሩ ኮንዳክተር» ማለት አይደለም፤ ውሃ በረዶ ሲሆን እንደሚሆነው ኤሌክትሮኖቹ ሁኔታቸውን የለወጡበት ነገር ነው። ይህቺን አስይዘሽ ቀጥዪ።

አሁን እኔ ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይመጣል። ሰሌዳው ላይ መዳብ፣ ብር፣ ወርቅ ጻፊ፤ ከጎናቸው ደግሞ እርሳስ (ብረቱን ማለቴ ነው)፣ ቆርቆሮ፣ ሜርኩሪ። ሱፐርኮንዳክተር የሚሆኑት የትኞቹ ይመስሏችኋል በያቸው። ሁሉም መዳብና ብር ይላሉ። ነገሩ ግልብጥ ነው። እርሳስ በክፍል ሙቀት ከመዳብ አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል የባሰ ኮንዳክተር ነው፤ 7.2 ኬልቪን ላይ ግን ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። መዳብ፣ ብርና ወርቅ የቱንም ያህል ቢቀዘቅዙ ሆነው አልታዩም። ለምን? ሰሌዳው ጥግ ያቆየሽው ጽሑፍ መልሱን ይዟል። መዳብ ጥሩ ኮንዳክተር የሆነው ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቹ ንዝረት ጋር ብዙም ስለማይነካኩ ነው። የእርሳስ ኤሌክትሮኖች ግን አጥብቀው ይነካካሉ፤ በሙቀት ጊዜ የሚያስቸግራቸው ያው ጥብቅ ግንኙነት በቅዝቃዜ ጊዜ ያጣምራቸዋል። ምጣዱን ያጋለው ነው እርሳሱን ሱፐርኮንዳክተር ያደረገው።

ይህ ግን ገና አባባል ነው፤ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ማስረጃው በ1950 የታየው የአይሶቶፕ ውጤት ነው፤ ለጀማሪ ክፍል ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም። ሜርኩሪ ከተለያዩ አይሶቶፖች ይዘጋጃል። አማካይ የአተም ክብደቱ 199.5 የሆነው በ4.185 ኬልቪን ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል፤ 203.4 የሆነው በ4.146። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ተማሪዎቹም «ምን አላት» ይላሉ። እዚያው ያዢያቸው። በሁለቱ መካከል የኤሌክትሮኑ ብዛት አንድ ነው፤ ቻርጁ አንድ ነው፤ ኬሚስትሪው አንድ ነው። የተለየው የኒውክለሱ ክብደት ብቻ ነው። ታዲያ በሽቦ ውስጥ ለሚሄድ ኤሌክትሮን የአተሙ ክብደት ምን አገባው? የሚያገባው አተሙ የሚነቃነቅ ከሆነ ብቻ ነው።

ስፕሪንግ ላይ የተንጠለጠለ ዕቃ ክብደቱ ሲጨምር ንዝረቱ እንደሚዘገይ፣ ፍሪኩዌንሲውም በክብደቱ ስኩዌር ሩት እንደሚቀንስ በመካኒክስ ተምረዋል። እንግዲህ ካልኩሌተር ያውጡ። 199.5 ለ203.4 ይካፈል፣ ስኩዌር ሩቱ ይወሰድ፤ 0.9904 ይመጣል። በ4.185 ሲባዛ 4.145። የተለካው 4.146 ነው። አንዴ አንድ ልጅ ይህንን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ካሰላ በኋላ ካልኩሌተሩን ለጎረቤቱ ሲያሳይ አይቻለሁ፤ ሌላ ሰው እንዲያረጋግጥለት ፈልጎ ነው። ዓለምን ያስጨነቀ እንቆቅልሽ የተፈታበትን ፍንጭ በገዛ እጁ አገኘው። (ሁሉም ብረት እንዲህ አይታዘዝም፤ ሩቴኒየም ላይ ልዩነቱ የለም ማለት ይቻላል። ጠይቆ የመጣ ካለ ሳትደብቂ ንገሪው።)

አሁን ነው «ሁለት ኔጋቲቭ እንዴት ይሳሳባል» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው። የፍራሹ ምሳሌ ያላረካው ልጅ ትክክል ነው። የፍራሹ አቻ እኛ አገር የጠፍር አልጋ ነው፤ ሁለት ልጆች ሲተኙበት ጠፍሩ ይረግብና ሁለቱም ወደ መካከል ይንሸራተታሉ። ምሳሌው ያምራል፤ ግን ሁለቱ ልጆች ባንድ ጊዜ ባንድ ቦታ ናቸው። ኤሌክትሮኖች እንዲህ ቢቀራረቡ መገፋፋቱ ያሸንፋል። ጠፍር አልጋው የዘነጋው ጊዜን ነው።

እኔ የምጠቀመው የክረምት ጭቃን ነው። መረሬ አፈር ላይ ሰው ረግጦ ሲያልፍ እግሩ ይሄዳል፣ ዱካው ግን ይቀራል። ከኋላ የሚመጣው ውሃ ወደ ዱካው ይፈሳል። ውሃውን የሳበው ሰውየው አይደለም፤ እሱ ርቋል። ኤሌክትሮኑም በፖዘቲቭ አዮኖች መካከል ሲያልፍ ወደ ራሱ ሳብ ያደርጋቸዋል። አዮኑ ከኤሌክትሮኑ በብዙ ሺህ እጥፍ ስለሚከብድ ቶሎ አይመለስም፤ ለመነቃነቅ አንድ ሰከንድ ለአሥር ትሪሊዮን ሲካፈል የሚመጣውን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል። በዚያች ጊዜ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ሜትር የሚሮጠው ኤሌክትሮን የት ይደርሳል? ያባዙት፤ 100 ናኖሜትር ይሆናል። በሁለት አተሞች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 0.3 ናኖሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ የፖዘቲቭ ቻርጅ ክምችት የሆነው ዱካ ሲፈጠር ዱካውን የሠራው ኤሌክትሮን በመቶዎች የሚቆጠሩ አተሞችን አልፎ ሄዷል። ሁለተኛው ኤሌክትሮን የሚሳበው ወደ ዱካው ነው፤ የመጀመሪያው ከሩቅ ሆኖ ሊገፋው አይችልም። ተማሪሽ ጎደለኝ ያለው ይህ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን በእምነት እንዲቀበሉሽ ትጠይቂያለሽ፤ በእምነት መሆኑንም ንገሪያቸው። ባዶ ቦታ ላይ ብቻቸውን ያሉ ሁለት ኤሌክትሮኖችን እንዲህ ያለ ደካማ መሳሳብ አያስተሳስራቸውም። ብረት ውስጥ ግን ከታች ያሉት የኢነርጂ ደረጃዎች ሁሉ ተይዘዋል፤ የፓውሊን ሕግ (ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ዓይነት ሁኔታ ሊይዙ አይችሉም የሚለውን) ከኬሚስትሪ ያውቁታል። ሊዮን ኩፐር በ1956 ያሳየው ከታች ያለው ሁሉ ሞልቶ ሳለ መሳሳቡ የቱንም ያህል ቢደክም ጥንድ እንደሚፈጠር ነው። ስሌቱ ሦስተኛ ዓመት ላይ ይጠብቃቸዋል። በቀጣዩ ዓመት ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር ሙሉውን ንድፈ ሐሳብ አወጡት፤ በ1972 ኖቤል አገኙበት። ሽሪፈር ንድፈ ሐሳቡን ሲሠሩ 25 ዓመቱ፣ ገና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር፤ ቁልፉን የሒሳብ ሐረግ የጻፈውም ኒው ዮርክ ውስጥ በምድር ባቡር ሲሄድ ነው። ይህንን ሲሰሙ ቀና ብለው ይቀመጣሉ።

ወደዚያች ልጅ ጥያቄ ልመለስ፤ ጥንዱ ለምን አይጋጭም? አብዛኛው ማብራሪያ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ያለሽን ጊዜ እዚህ ላይ አፍስሺው። ኤሌክትሮን ሲጋጭ ጥቂት ኢነርጂ ይሰጣል ወይም ይቀበላል። ለብቻው ያለ ኤሌክትሮን የፈለገውን ያህል ትንሽ መቀበል ይችላል፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ግጭት ታዛባዋለች። ጥንዱን ግን ለመፍታት የተወሰነ ዋጋ አለ። እርሳስ ውስጥ ዋጋው 2.7 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት (በጣም ትንሽ የኢነርጂ መለኪያ ነው) ገደማ ነው። 2 ኬልቪን ላይ የአተሞቹ ንዝረት በአማካይ ሊከፍል የሚችለው 0.17 ብቻ ነው። ሱቁ ከ270 ብር በታች የሚሸጥ ዕቃ የለውም፤ ገበያተኛው ኪሱ ውስጥ 17 ብር ይዟል። ገብቶ ይወጣል እንጂ አይገዛም። በክፍል ሙቀት ግን ኪሱ ውስጥ 26 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት አለ፤ ሱቁ ባዶ እስኪሆን ይገዛል። ቅዝቃዜ ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያሻም።

ኪሱ የሞላ አንዳንድ ገዢ በ2 ኬልቪንም አይጠፋም። ጥቂት ጥንዶች ይፈታሉ፤ ያልተፈቱት ግን ከረንቱን ይዘውት ይሄዳሉ። ጥንድ በተፈታ ቁጥር ለቀሩት ዋጋው ይረክሳል፤ ስለረከሰ ደግሞ ሌላ ይፈታል፤ እንዲህ ሲሆን 7.2 ኬልቪን ላይ ዋጋው ዜሮ ይገባል። ንድፈ ሐሳቡ በዝቅተኛ ሙቀት ያለው ዋጋ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆንበትን ኬልቪን በቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር ሲያባዙ ከሚመጣው 3.53 እጥፍ ነው ይላል። ያሰሉት። አሉሚኒየም 1.18 ኬልቪን ላይ ነው፤ 0.36 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ይመጣል፣ የሚለካው 0.34 ገደማ ነው። እርሳስ ላይ ስሌቱ 2.2 ይሰጣል፤ የሚለካው 2.7 ነው። ልዩነቱን አትሸፋፍኚው። ስሌቱ መሳሳቡ ደካማ ነው ብሎ ተነስቷል፤ እርሳስ ደግሞ አጥብቆ የሚነካካ ብረት መሆኑን ቀድመው ያውቃሉ።

ጎበዝ ተማሪ ካለሽ «ሲሊከንም የኢነርጂ ክፍተት አለው፣ ለምን ሱፐርኮንዳክተር አይሆንም?» ይልሻል። ጥሩ ጥያቄ ነው። «የኢነርጂ ክፍተት» ማለት ከላይ ዋጋ ያልነው ነው። የሲሊከን ክፍተት ከቆመው የአተሞች ድርድር ጋር የተሰፋ ነው። የሱፐርኮንዳክተሩ ክፍተት ግን ከኤሌክትሮኖቹ ከራሳቸው ጋር የተሰፋ ነው፤ ሁሉም ሲንቀሳቀሱ አብሯቸው ይንቀሳቀሳል።

«ሁሉም» የሚለው ቃል ላይ ጥምቀትን አምጪ። ጥር 11 ታቦታቱ ከፋሲል መዋኛ ወጥተው ሲመለሱ ሕዝቡ መካከል የነበረ ልጅ ያውቀዋል፤ ቁሚ ብትባይ አትቆሚም፣ ጠጠር ቢያደናቅፍሽ አትወድቂም፤ የሚሄደው ሕዝቡ ነው። ሁለት እህትማማቾች እዚያ መካከል ተለያይተው በዓይን እየተፈላለጉ ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው ስንት ሺህ ሰው አለ። ጥንድ ኤሌክትሮንም እንደዚያ ነው። አሉሚኒየም ውስጥ የአንድ ጥንድ ስፋት 1,600 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ከ5,000 በላይ አተም ተደርድሮ ይገባበታል፤ በዚያ ስፋት ውስጥ ሚሊዮን ሌሎች ጥንዶች ተጠላልፈዋል። ስለዚህ ሁለት ኳስ አጣብቀሽ ሰሌዳ ላይ አትሣዪ። አንዱን ጥንድ ለይቶ ማዘግየት አይቻልም፤ የሁሉም እርምጃ አንድ ነው። ምሳሌው የሚያበቃበትንም ንገሪያቸው፦ ሰው ሲተሻሽ ይደክመዋል፣ ሕዝቡም ይዘገያል። በሱፐርኮንዳክተር ቀለበት ውስጥ የተለቀቀ ከረንት ግን ምንጩ ተነቅሎም ለዓመታት ይዞራል፤ በፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዙት የኤም አር አይ ማግኔቶች የሚሠሩት በዚህ ነው።

በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ንድፈ ሐሳቡ የማይደርስበትን አሳዪ። በ1986 ዙሪክ ውስጥ ቤድኖርዝና ሚዩለር ሸክላ መሰል የመዳብ ኦክሳይድ ላይ ከ30 ኬልቪን በላይ አገኙ። በዓመቱ ሌላ የመዳብ ኦክሳይድ 90 ኬልቪንን አለፈ፤ ናይትሮጅን የሚፈላው በ77 ስለሆነ ሂሊየም ሳያስፈልግ ማለት ነው። ንጹሑ መዳብ እምቢ ያለውን ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ እሺ አለ። እዚያ ኤሌክትሮኖቹን የሚያጣምራቸው ምን እንደሆነ ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙም። የአተሞች ንዝረት ብቻውን እንደማይበቃ ግን አብዛኞቹ ያምናሉ።

ለፈተናው አንድ ጥያቄ ልስጥሽ፦ «መዳብ ከእርሳስ የተሻለ ኮንዳክተር ነው፤ እርሳስ ግን ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል፣ መዳብ አይሆንም። ምጣድና ዱካ የሚሉትን ቃላት ተጠቅመህ አስረዳ።» ግማሽ ገጽ ይበቃል። «ጥንድ» የሚለውን ቃል ጽፎ «ንዝረት»ን የረሳ ወረቀት ካጋጠመሽ ልጁን ጥሪውና አምፖሉን እንደገና አስለኪው።